«አር-ሪሳላ» የተቀረጸው መካ ውስጥ ነው?



በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ በብዙ ቤት የሚከፈት ፊልም ቢኖር «አር-ሪሳላ» ነው። ከዑምራ የሚመለሱ አንዳንድ ወገኖቻችን ታዲያ «አስጎብኚው ፊልሙ የተቀረጸበትን ተራራ አሳየን» ይላሉ። ፎቶውም ከስልክ ስልክ ይዞራል። እስቲ አብረን እናጣራው።

የፊልሙ አዘጋጅ የሐለቡ ተወላጅ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ ነው። ቀረጻው እ.ኤ.አ. በ1974 ሞሮኮ ውስጥ ተጀመረ። የመካ ቤቶችና ከዕባው እዚያው ለፊልሙ ተብለው ተሠሩ። ከወራት በኋላ ሳዑዲ ዐረቢያ በንጉሥ ሐሰን ዳግማዊ ላይ ግፊት አድርጋ ሥራው ቆመ። ቡድኑ ወደ ሊቢያ ተሻግሮ በሙዐመር ጋዳፊ ድጋፍ ጨረሰው። ፊልሙ በ1976 ለእይታ በቃ።

ይህን ታሪክ ባናውቅ እንኳ ትንሽ ማሰብ ይበቃን ነበር። በእንግሊዝኛው ቅጂ ሐምዛን (ረ.ዐ) ወክሎ የተጫወተው አንቶኒ ክዊን ሙስሊም አልነበረም። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ደግሞ መካ አይገባም። በተጨማሪም በ1970ዎቹ ከዕባ በሰፊ መስጂድ ተከቦ ነበር። ጣዖታት የተደረደሩበትን የጃሂሊያ ዘመን ግቢ እዚያ ማን ይቀርጻል?

ነገሩ በዚህ ፊልም ብቻ አይደለም። በ1962 የወጣው «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» በከፊል ዮርዳኖስ፣ ዋዲ ረም በረሃ ውስጥ ተቀርጿል፤ ይህ እውነት ነው። የዐቀባ ከተማ ስትያዝ የሚታየው ግን ዐቀባ አይደለም፤ በደቡብ ስፔን፣ ካርቦኔራስ አጠገብ፣ ባሕር ዳር የተሠራ ከተማ ነው። አስቸጋሪው ወሬ እንዲህ እውነቱ ከስህተቱ ጋር የተቀላቀለበት ነው።

እኛ ደግሞ የኢስናድ ኡማ ነን። ሱረቱል ሑጁራት (49፥6) የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ታዘናለች። «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? ነጋሪው በቦታው ነበር?» ማለት የዑለሞቻችን መንገድ ነው። «ፊልም ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ዛሬ የውሸት ተራራ ከሲራ ጋር ካያያዝን፣ ነገ ውሸቱ ሲጋለጥ ወጣቱ እውነተኛውንም ሲራ መጠራጠር ይጀምራል።

በፊልሙ ውስጥ ጀዕፈር (ረ.ዐ) በንጉሥ ነጃሺ ፊት ሲናገሩ ስናይ እንባችን ይመጣል። ያ አዳራሽ የፊልም ሥራ ነው፤ ሒጅራው ግን እውነት ነው። ሰሓቦችን ያስጠጋችው ምድርም ሐበሻ ናት። በነጃሺ ስም የሚጠራው መስጂድ ትግራይ ውስጥ፣ ከውቅሮ በስተሰሜን፣ ነጋሽ ላይ አለ። በ2020 በጀመረው ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። ሞሮኮ ውስጥ ለፊልም የተሠራን መካ እያደነቅን፣ በአገራችን ያለውን አማና ባንረሳ መልካም ነው።

አላህ ሐቁን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፤ እሱንም መከተልን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።