የጠበቃው ምስጢርና የገንዘቡ ምንጭ

በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ለባለቤቱ ከመጥቀሙ በፊት ንጹሕ መስሎ መታየት አለበት። ለዚህም ቤት ይገዛበታል፤ ኩባንያ ይቋቋምበታል፤ በታመነ ሰው የባንክ ሒሳብ በኩል ያልፋል። እነዚህ ሁሉ ውል፣ ፊርማና የሕግ ዕውቀት ይጠይቃሉ። ጠበቃው ወደዚህ ታሪክ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቁጥጥሩ የተጀመረው ግን ከባንኮች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሰባቱ በኢንዱስትሪ የበለጸጉ አገሮች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይልን አቋቋሙ። ግብረ ኃይሉም በማግሥቱ ዓመት 40 ምክረ ሐሳቦችን አወጣ። በዚያን ጊዜ ዋናው ዒላማ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ገንዘብ ነበር። የባንኩ በር ሲጠብ ገንዘቡ ሌላ መግቢያ መፈለጉ አልቀረም። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ባሻሻለው መመሪያ፣ ግብረ ኃይሉም በ2003 ባደሳቸው ምክረ ሐሳቦች፣ ግዴታው ወደ ጠበቆች ተሸጋገረ። ይኸውም ደንበኛን ለይቶ ማወቅ፣ ከስሙ በስተጀርባ ያለውን እውነተኛ ባለቤት መመርመር፣ ሰነድ መያዝ፣ ጥርጣሬን ለመንግሥት ማስታወቅና ይህንኑ ለደንበኛው አለመንገር ነው።

ክርክሩ የተነሣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ግዴታዎች ላይ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ደንበኛ ምስጢሩ እንደሚጠበቅለት ካላመነ ለጠበቃው እውነቱን አይናገርም፤ እውነቱን ያላወቀ ጠበቃም ሊሟገትለት አይችልም።

ችግሩ በእንግሊዝ ገሐድ ወጣ። አብረው ይኖሩ የነበሩ ወንድና ሴት በቤት ድርሻ ሲካሰሱ የሴትዮዋ ጠበቆች ሰውየው የቤቱን ሥራ ወጪ በንግድ ሒሳቡ ውስጥ አካቷል ብለው ጠረጠሩና ለባለሥልጣን አስታወቁ። ፈቃድ እስኪመጣም ችሎቱ እንዲራዘም ጠየቁ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2005 በሰጠው ውሳኔ ሕጉ መደበኛውን የፍርድ ቤት ሙግት እንደማይመለከት አስታወቀ።

ካናዳ ደግሞ ራቅ ብላ ሄደች። የጠበቆች ማኅበራት ከ2001 ጀምሮ መንግሥትን በፍርድ ቤት ሞገቱ። በዚያው ጊዜ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በ2004 ጠበቃ ከ7,500 ዶላር ያላነሰ ጥሬ ገንዘብ እንዳይቀበል ራሳቸው ደንብ አወጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 ጠበቃ ለደንበኛው ጉዳይ ያለበት ታማኝነት የፍትሕ መሠረታዊ መርሕ መሆኑን አረጋግጦ፣ የጠበቃን ቢሮ ለመፈተሽ የሚፈቅዱትን ድንጋጌዎች ሻረ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በበኩሉ በ2012 ከፈረንሳይ የቀረበለትን አቤቱታ መርምሮ ግዴታውን ተቀበለ፤ ምክንያቱም ግዴታው የመከላከያ ሙግትን የማይነካና ጥቆማውም በጠበቆች ማኅበር አለቃ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ነው።

በአገራችንም በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 780 ጠበቆችን ከፋይናንስ ተቋማት ውጭ ግዴታ ካለባቸው ሙያዎች መካከል መድቦ ነበር።

ከእነዚህ ፍርዶች አንድ መስመር ይታያል፤ ችሎት ቆሞ የሚሟገት ጠበቃና የቤት ሽያጭ ውል የሚያስፈጽም ጠበቃ ግዴታቸው አንድ አይደለም። የፊተኛው ምስጢር ሊከበር፣ የኋለኛው ፊርማ ሊጠየቅበት ይገባል። ለክፍያ ምስክር ወረቀት የምንፈርም መሐንዲሶችም ይህን ታሪክ የሌላ ሙያ ወሬ አድርገን ልናልፈው አይገባም። ባለሙያ ራሱ ደንብ ካላወጣ፣ ሌላው ያወጣለታልና።