የመንገዱ ዳር ለማን? የወልድያና የመርሳ ስፖርት ቤቶች፣ አስፋልቱና የመኪና ማቆሚያው

አንድ የስፖርት ማዕከል እንደ አዲስ ሲነደፍ ነዋሪው አጥብቆ የሚከራከረው ስለ መሣሪያው ብዛት አይደለም፤ ስለ ደጃፉ ነው። ሕንፃው እስከ አስፋልቱ ዳር መጥቶ በሩን ለእግረኛው ይክፈት? ወይስ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፊት ለፊቱን ለመኪና ማቆሚያ ይልቀቅ? ባለሀብቱ ወርኀዊ ክፍያ የሚከፍለው ደንበኛ ባለመኪና ነው ብሎ ያስባል። እናት ደግሞ ልጇ ወደ ኋላ በሚመለሱ መኪኖች መሀል እየተሽሎከለከ መግባቱ ያሳስባታል። ባለሱቁ መኪና ከደጁ ካልቆመ ገበያ የሚቀርበት ይመስለዋል። ባለባጃጁ መጫኛና ማውረጃ ቦታ ይፈልጋል። ሁሉም የሚናገረው ከኑሮው ነው፤ ሁሉም የሚሰማ ምክንያት አለው።

ወልድያና መርሳ ላይ ግን ይህ ጥያቄ የተለየ ክብደት አለው። የሁለቱን ከተሞች መልክ የቀረጸው መንገድ ስለሆነ፣ የመንገዱ ዳር ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ከተማው የማን ነው ከሚለው ብዙ አይርቅም።

ወልድያ ከአስፋልቱ በፊትም ነበረች። የየጁ አውራጃ መቀመጫ፣ የደጋው እህል ከቆላው ከብትና ከአፋር በረሃ ከሚወጣው ጨው ጋር የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ነበረች። ጣሊያን አገሪቱን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባን በደሴ፣ በወልድያ፣ በቆቦና በማይጨው በኩል ከአስመራ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ሠራ። ዓላማው ጦርና ስንቅ ማመላለስ ነበር። ወራሪው ሲባረር መንገዱ ለባለአገሩ ቀረ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ጥገናውን ተረከበ። የጭነት መኪና ሾፌር የሚያድርበት ሆቴል፣ ሻይ ቤት፣ ጎሚስታና ጋራዥ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተደረደሩ። በኋላም ቻይናዎች ከወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚደርሰውን፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ሲሠሩ ወልድያ የመንገድ መገናኛ ሆነች። ከጎንደር የመጣውም፣ ከመቀሌ የወረደውም፣ ከደሴ የወጣውም እዚያ ይገናኛል።

ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ መርሳም የዚሁ መንገድ ልጅ ናት። የሐብሩ አትክልትና ፍራፍሬ ገበያውን የሚያገኘው ከአስፋልቱ ዳር ነው። አውቶቡስ ሲቆም ሳፋ የተሸከሙ ሴቶችና ልጆች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ብሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ማንጎው ወደ ላይ ይወጣል፤ መልሱ ሳይቆጠር ሾፌሩ ክላክስ ያሰማል። ከዚያች ሁለት ሜትር ከማትሞላ የመንገድ ጠርዝ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ያስተዋለ ሰው፣ የመንገድ ዳርን ባዶ ቦታ ብሎ አይጠራውም።

የመንገዱ ዳር ክፉ ቀንም አይቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎው ረሃብ ከገጠር የተነቀለው ሕዝብ የወጣው ወደዚሁ አውራ ጎዳና ነው። እህል የጫነ መኪና የሚያልፈው፣ ችግሩን የሚያይ መንገደኛ የሚገኘው በዚያ ነበር። በወሎ ከተሞች አስፋልቱ ዳር መቆም ማለት መታየት ማለት ነው። ከመንገዱ ዳር የተገፋ ከዓይንም ይርቃል።

ስፖርቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ልጆች በየሜዳው የጨርቅ ኳስ እየመቱ አደጉ፤ ለሜዳው በር ያበጀለት፣ ክፍያም የጠየቀበት አልነበረም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ቀበሌ የከተማው ኑሮ ማዕከል ሆነ። የቀበሌ አዳራሽ ለስብሰባም፣ ለጠረጴዛ ቴኒስም፣ ለካራቴም አገለገለ። በኋላም የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ የሚባሉት ማዕከላት ያንኑ ሥራ ለመቀጠል ተከፈቱ።

ከዚህ ጎን ለጎን ወጣቱ የራሱን ጂም ሠራ። በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ያደገ ሰው ያንን ቤት ያውቀዋል። በሁለት የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ በቧንቧ ብረት ይያያዛል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሚስማር "20" ወይም "30" ተብሎ ኪሎው ይጻፍበታል። አንዱ ጣሳ ከሌላው ስለሚከብድ ብረቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ የለመደ ልጅ ግን የቱ ጋ ቢይዘው እንደሚቃና ያውቃል። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። በሩ ግን ክፍት ነው። አላፊ አግዳሚው ይቆማል፤ ትንንሽ ልጆች በቀዳዳ ያያሉ፤ ከዓመት በኋላ ከሚያዩት አንዱ ገብቶ ብረት ይገፋል። ስፖርት በአገራችን ሲስፋፋ የኖረው እንዲህ ነው፦ ማስታወቂያ ተነግሮ ሳይሆን ታይቶ።

በጥር 2009 ዓ.ም. በወልድያ የተመረቀው ስታዲየምና የስፖርት ማዕከል ይህን ታሪክ ወደ ሌላ ደረጃ አሸጋገረው። ልጅነታቸውን በወልድያ ያሳለፉት ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ ወጪ አድርገው ያሠሩት ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ለአንድ የዞን ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ የወልድያ ሰው የኮራበትም በምክንያት ነው። የከተማው ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት ከመርሳ፣ ከቆቦና ከየገጠሩ የመጣው ደጋፊ የገባበትና የወጣበት ደጅ ያው ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከመቀሌ ቡድን ጋር ሊደረግ በነበረው ጨዋታ ዙሪያ በከተማው ግጭት ተቀስቅሷል። ያ ግጭት መነሻው የንድፍ ጉዳይ አልነበረም። ነገር ግን ሕዝብ በብዛት በሚሰበሰብበት ሥፍራ ከበሩ እስከ መንገዱ ያለው ቦታ ትርፍ መሬት ተደርጎ ሊታይ እንደማይገባ ያስታውሳል። ሕዝብ ሳይጋፋ የሚበተነው፣ አምቡላንስ የሚገባው፣ ሽማግሌ ገብቶ የሚያረጋጋው በዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች፤ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ተዘረፉ። ከዚህ በኋላ የሚታደስ ወይም የሚሠራ ማንኛውም የጋራ ቤት፣ ጂምም ይሁን የወጣት ማዕከል፣ ከሕንፃነት በላይ ነው። ብዙ ያየ ወጣት አካሉንም መንፈሱንም የሚጠግንበት ቦታ ነው። ስለዚህ በሩ ወዴት ይዙር ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ፊት ለፊት መኪና የማቆም ልማድ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1923 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የኮለምበስ ከተማ አፓርትመንት የሚሠራ ሁሉ መኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ ደነገገ። በ1935 ኦክላሆማ ሲቲ የመጀመሪያውን የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ቆጣሪ መንገድ ዳር ተከለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሱቆች ከመንገድ ሸሽተው ፊታቸውን በሙሉ ለመኪና ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ጄን ጄኮብስ የምትባል ጸሐፊ የከተማ መንገድን ደኅና የሚያደርገው በሩና መስኮቱ ወደ መንገድ የዞረ ቤትና ከዚያ የሚመለከት የሰው ዓይን ነው ብላ ተከራከረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ዶናልድ ሹፕ የተባሉ ፕሮፌሰር ነፃ የሚመስለው ማቆሚያ ዋጋውን እግረኛው ጭምር እንደሚከፍለው በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የባፋሎ ከተማ ማቆሚያን የሚያስገድደውን ደንብ በመላ ከተማዋ ሻረች። እነሱ ዘጠና ዓመት ያህል ሄደውበት የተመለሱበትን መንገድ እኛ ዛሬ የምንጀምርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሒሳቡን በወልድያ መሬት ላይ እንሥራው። አንድ መኪና ለመቆም 2.5 በ5 ሜትር ይፈልጋል፤ መግቢያና መዞሪያው ሲጨመር 25 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል። ሰባት መኪና 175 ካሬ ሜትር ወሰደ ማለት ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር፣ 162 ካሬ ሜትር ነው። ሰባት ሰው መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ አሥራ ሁለት ልጆች የሚጫወቱበትን ሜዳ ይበልጣል፤ ቆመው የሚያዩት ሳይቆጠሩ። አብዛኛው ሰው በእግሩ፣ በባጃጅና በሚኒባስ በሚንቀሳቀስበት ከተማ የትኛው ለብዙ ሰው እንደሚበጅ ግልጽ ነው።

አዲስ አበባም ሁለቱንም መንገድ አይታለች። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችበት የአዲስ አበባ ስታዲየም ከመቀመጫዎቹ ሥር ወደ መንገድ የተከፈቱ ሱቆችና ቡና ቤቶች ስለነበሩት ጨዋታ በሌለበት ቀንም ዙሪያው ሰው አይለየውም ነበር። በሌላ በኩል ምድር ቤታቸው ለማቆሚያ ተፈቅዶ መጋዘን ወይም ሱቅ ያደረጉት ሕንፃዎች መኪናውን ወደ እግረኛ መንገዱ ገፍተውታል፤ የከተማው አስተዳደርም ቦታውን ወደ ማቆሚያነት መልሱ እያለ ደጋግሞ አሳስቧል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ተብሎ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ሕዝቡ አስፋልቱን ሞልቶ ስፖርት ሠራ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አምጥቷል፤ ስንት ዘመን ከኖረበት ሰፈር የተነሣው ሰው ኀዘንም አብሮት መጥቷል። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው። መንገድን ለሰው ማድረግ ጥሩ ነው፤ ሰውየውን ሳይጠይቁ ማድረግ ግን ቁስል ይተዋል።

የባለመኪናውን ክርክር አቅልዬ አላየውም። በዊልቸር የሚሄድ ሰው፣ ለሕክምና እንቅስቃሴ የሚመጡ አዛውንት፣ ማታ ከሥራ በኋላ የምትመጣ ሴት መኪና ከበሩ ቢቀርብላቸው ይጠቀማሉ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ አዟል። መልሱ ግን ደጁን በሙሉ ለመኪና መስጠት አይደለም። ለእነዚህ ሰዎች ከበሩ አጠገብ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይለይ፤ የቀረው መኪና ከጎን ወይም ከጀርባ ይቁም፤ ባጃጅ የሚያወርድበት አጭር ማቆሚያ ከእግረኛው መንገድ ተለይቶ ይሠራ። ፊት ለፊቱ የዛፍ ጥላ፣ መቀመጫ፣ የውሃ ቧንቧና ወደ ውስጥ የሚያሳይ ሰፊ መስኮት ይኑረው። ማታ የምትወጣዋን ሴት ከጨለማ የመኪና ማቆሚያ ይልቅ መብራት ያለበት፣ ሻይ የሚሸጥበት፣ ሰው የማይጠፋበት ደጅ ይጠብቃታል። ባለሱቁም ቢሆን ያስብበት፤ ጠዋት ቆሞ እስከ ማታ የማይነሣ አንድ መኪና የብዙ እግረኛ ደንበኛ ቦታ ይዞበታል።

ሕጉ ለዚህ በር ከፍቷል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ይጠይቃል፤ ማንኛውም ግንባታም ከፈቃዱ በፊት የፕላን ስምምነት ያስፈልገዋል። ነዋሪው ቅር የሚሰኘው ግን ብዙ ጊዜ አጥሩ ከታጠረ በኋላ ነው። ያኔ ብረቱ ታስሯል፣ ኮንክሪቱ ተሞልቷል፤ ቅሬታው ንድፍ ከማስተካከል ይልቅ ጠብ ይሆናል።

ስለዚህ ለወልድያና ለመርሳ ማዘጋጃ ቤቶች፣ በሁለቱም ከተሞች ለሚያስተምረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ ጂም ለመክፈት ለሚያስብ ባለሀብትም የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። የስፖርት ቤቱ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት በትልቁ ይሣልና በገበያ ቀን ሰው በሚያልፍበት ይሰቀል። በሩ የት ነው፣ መኪናው የት ይቆማል፣ ባለሳፋዋ የት ትቀመጣለች፣ ልጁ በየት ይገባል የሚለው ተጽፎ ይታይ። የስፖርት ሳይንስ መምህር ከጎኑ ቆሞ ያስረዳ፤ የሰፈር ሽማግሌ፣ ባለባጃጅ፣ ባለሱቅ፣ ተማሪ፣ አካል ጉዳተኛ ሐሳባቸውን ይስጡ፤ የተቀየረውና ያልተቀየረው ከነምክንያቱ ይነገራቸው። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ጥቂት የገበያ ቀን ነው፤ ሕንፃው ግን ለልጅ ልጆቻችንም ይተርፋል።