የሰው ክብር በሸሪዓ ፍርድ ቤት፦ ከኢፍክ ወሬ እስከ ባለቅኔው ሑጠይአ

 

ዛሬ የምንነጋገረው ዐረቦች ‹ዒርድ› ስለሚሉት ስለ ሰው ክብር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በስንብት ሐጅ ንግግራቸው፣ የሰውን ደም፣ ገንዘብና ክብር ባንድነት ጠርተው ሦስቱንም እርም አድርገዋል። ስለ ደምና ስለ ገንዘብ ሁላችንም እንጠነቀቃለን። የሰው ገንዘብ ያለ ፈቃዱ አንነካም። ሦስተኛውን ግን ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ እንረሳዋለን።

ሸሪዓ ስለዚህ ጉዳይ ሕግ ያወጣው በአንድ ከባድ ክስተት ምክንያት ነው። ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ መልስ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ከፊሎቹ በ5ኛው፣ ከፊሎቹ በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ በሚሉት ጊዜ፣ ሠራዊቱ መዲና ሊገባ ሲቃረብ ሌሊት አርፎ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለመጸዳዳት ወጣ ብለው ሲመለሱ የአንገት ጌጣቸው መጥፋቱን አወቁ፤ ሊፈልጉትም ተመለሱ። ሰዎቹ ግመሉ ላይ የሚጫነውን የተሸፈነ መቀመጫ ሲያነሡ ውስጡ ያሉ መስሏቸው ጭነው ሄዱ። ያኔ ልጅ እግርና ቀላል ስለነበሩ ክብደቱ አላስጠረጠረም። ጌጡን አግኝተው ሲመጡ ሰፈሩ ባዶ ነው። ፈልገው ይመጣሉ ብለው እዚያው ተቀመጡ፤ እንቅልፍም ወሰዳቸው። ከሠራዊቱ ኋላ የቀረው ሶፍዋን ኢብኑል ሙዐጦል (ረ.ዐ) ደረሰና ከሒጃብ ሕግ በፊት አይቷቸው ስለነበር አወቃቸው፤ ‹ኢና ሊላህ› አለ፤ ግመሉን አስተኛላቸው፤ እየመራም እኩለ ቀን ላይ ከሠራዊቱ ጋር አገናኛቸው። ሌላ ቃል በመካከላቸው አልነበረም።

የሙናፊቆቹ አለቃ ዐብደላህ ኢብን ኡበይ ግን ይህን አይቶ ወሬ ሠራበት። ወሬው መዲና ውስጥ አንድ ወር ያህል ሲዞር እናታችን ታመው ተኝተው ነበርና ምንም አልሰሙም። ያወቁት በድንገት ነው። ከሚስጦሕ እናት ጋር ሌሊት ሲወጡ ሴትዮዋ በልብሷ ተደናቀፈችና የራሷን ልጅ ረገመች። እናታችን የበድር ዘማች እንዴት ይረገማል ብለው ተከላከሉለት። እርሱ ግን ከወሬው አመላላሾች አንዱ ነበር! ከዚያ በኋላ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሄደው ዕንባቸው ሳይቋረጥ ሌሊቱን አነጉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሰዎቹን አቋም እንይ። የቤት አገልጋይዋ በሪራ ስትጠየቅ፣ ልጅነታቸው አስተኝቷቸው በግ ሊጡን ይበላባቸው እንደነበር እንጂ ሌላ እንከን እንደማታውቅባቸው ተናገረች። ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች መካከል ከዓኢሻ ጋር የሚፎካከሩ እርሳቸው ነበሩ። ቢናገሩ የሚጠቀሙ ይመስል ነበር። ግን ጆሯቸውንና ዓይናቸውን እንደሚጠብቁ ገልጸው ከበጎ በቀር አልመሰከሩም። እህታቸው ሐምና ግን ለእህቷ የተሟገተች መስሏት ወሬውን ይዛ ዞረች። ባለ ጉዳይዋ ዝም ስትል ደጋፊዋ ትባስ፤ ይህ በየሰፈሩ የምናየው ነገር ነው።

ከአንድ ወር በኋላ በሱረቱ ኑር ከአንቀጽ 11 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ወረዱና እናታችን ከሰባት ሰማያት በላይ ነጻ ወጡ። የቅጣቱ ሕግ በዚሁ ሱራ አንቀጽ 4 ላይ ነው፦ ጥብቅ ሴቶችን በዝሙት የከሰሰና አራት ምስክር ያላመጣ ሰማንያ ግርፋት ይገረፋል፤ ምስክርነቱ አይቀበልም፤ አመጸኛም ይባላል። ይህ ወንጀል ‹ቀዝፍ› ይባላል። ሐሳን ኢብን ሣቢት፣ ሚስጦሕና ሐምና (ረ.ዐ) በዚህ ሕግ መገረፋቸው ተዘግቧል። ኢብን ኡበይስ? ከዑለማዎች አንዳንዶቹ ወሬውን በሌሎች አፍ ያስወራ ስለነበር በማስረጃ አልተያዘም ይላሉ። ሌላም ምክንያት የሰጡ አሉ። እሳቱን ያነደደው አምልጦ አጫሪዎቹ ብቻ መገረፋቸው ግን ልብ ያሳምማል።

ሕጉ ከባድነቱ የታየው በሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ነው። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ የበስራው አስተዳዳሪ ሙጊራ ኢብን ሹዕባ በዝሙት ተከሰሱ። አቡ በክራ፣ ናፊዕና ሺብል ኢብን መዕበድ መሰከሩ። አራተኛው ዚያድ ግን ድርጊቱን በግልጽ አየሁ ሳይል ቀረ። ዑመር ሦስቱን ምስክሮች አስገረፉ። ምስክር ነኝ ብሎ ቀርቦ ገራፊ እጅ ላይ መውደቅ! ዑመር ቃላቸውን ከመለሱ ምስክርነታቸውን እንደሚቀበሉ ነገሯቸው። ሁለቱ መለሱ፤ አቡ በክራ (ረ.ዐ) ግን በቃላቸው ጸኑ። ሐዲሣቸውን ሙስሊሞች ሲቀበሉ ኖረዋል፤ ለፍርድ ምስክርነት ሲጠሩ ግን ሌላ ሰው እንዲፈለግ ይናገሩ ነበር።

ቃሉ በግልጽ ካልተነገረስ? ኢማሙ ማሊክ እንደዘገቡት በዑመር ዘመን ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ አንደኛው አባቱም ዝሙተኛ እንዳልሆነ፣ እናቱም እንዳልሆነች ተናገረ። ዑመር ሰዎችን አማከሩ። አንዱ አባትና እናቱን አመሰገነ እንጂ ምን አደረገ አለ። ሌሎቹ ማመስገን ቢፈልግ ሌላ ምስጋና ባልጠፋ ነበር አሉ። ዑመር ሰማንያ አስገረፉት። ማሊክ ይህን ይዘው በአሽሙር ለሚሳደብም ቅጣቱ አለበት ብለዋል። አቡ ሐኒፋና ሻፊዒይ ግን ያን ያህል አልሄዱም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በሰምና ወርቅ የምንኮራ ሰዎች ነን፤ ማሊክ ዘንድ ብንከሰስ ስንቶቻችን እንተርፍ ነበር?

የዝሙት ክስ ያልሆነ ስድብስ? ለእርሱ የተወሰነ ሐድ የለም፤ ቅጣቱ ለዳኛው የተተወ ‹ተዕዚር› ነው። እዚህ ላይ የባለቅኔው ሑጠይአ ታሪክ ይመጣል። ሑጠይአ ምላሰ ስል ነበረና ዚብሪቃን ኢብን በድርን በግጥም ነካቸው። ዚብሪቃን ከበኒ ተሚም ታላላቆች አንዱ ሲሆኑ የወገኖቻቸውን ዘካ እንዲሰበስቡ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተሾሙ ሰው ናቸው። ግጥሙ ላይ ላዩን ስድብ አይመስልም። ለትልቅ ሥራ አትድከም፣ ተቀመጥ፣ አንተ የምትበላና የምትለብስ ሰው ነህ የሚል ሐሳብ ነው። ዑመር ሰምተው ይህ ወቀሳ እንጂ ስድብ አልመሰለኝም አሉ። ዚብሪቃን ወንድነቴ መብላትና መልበስ ብቻ ሆኖ ቀረ ወይ ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ዑመር ባለሙያ አስጠሩ፤ ሐሳን ኢብን ሣቢትን። አዎ፣ በኢፍክ ጉዳይ የተገረፉት እኚያው ሐሳን፤ አሁን ቃል ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ለፍርድ የሚያስረዱ እርሳቸው ሆኑ። ሐሳን ግጥሙ ከስድብም የባሰ ነው አሉ። ሑጠይአም ታሰረ።

ከእስር ቤት ስለ ልጆቹ ግጥም ልኮ ዑመርን አስለቀሰና ተፈታ። ዑመር ግን በዚህ አላበቁም፤ የሙስሊሞችን ክብር በ3000 ዲርሃም ከእርሱ ገዙት፣ ማለት ከእንግዲህ ማንንም እንዳይሳደብ ከፈሉት። ክብር ዋጋ ያለው ንብረት መሆኑን ከዚህ የበለጠ በግልጽ የሚያሳይ አላገኘንም።

ለመሆኑ ይህ ክብር የማን መብት ነው? ፈቂሆቹ የተለያዩት እዚህ ነው። ሐነፊዮች በቀዝፍ ቅጣት ላይ የአሏህ መብት ያመዝናል፣ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ከቀረበ ተበዳዩ ይቅር ቢል ቅጣቱ አይነሣም ይላሉ። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች የሰው መብት ነው፣ ይቅርታው ያስቀረዋል ይላሉ። ዘመናዊ ሕግ የወንጀልና የፍትሐ ብሔር እያለ የሚከፍለውን ጥያቄ እነርሱ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ተከራክረውበታል።

በአገራችን ከ1992 ዓ.ም ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 188 የሚሠሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና የመሳሰለውን እንጂ የስም ማጥፋት ክስን አይደለም። ስሙ የጠፋበት ሙስሊም የሚሄደው ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም የሚያሳቅቅ ንግግር በኃላፊነት ያስጠይቃል ይላል፤ ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ ግን ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 613 በተበዳዩ አቤቱታ ያስቀጣል። በ2013 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸመውን ስም ማጥፋት ከወንጀልነት አውጥቶ ወደ ካሳ አዙሮታል።

አንድ ልዩነት ግን ልብ በሉ። በአገሪቱ ሕግ የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን ያረጋገጠ፣ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካልሆነ በቀር፣ አይጠየቅም። በእኛ ዲን ዘንድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩት፣ ወንድምህ የሚጠላውን ነገር ከኋላው ብትናገር እውነት ከሆነ ጊባ ነው፤ ውሸት ከሆነ ቡህታን ነው። ‹እውነቴን ነው የምላችሁ!› የሚለው መሐላ ዳኛ ፊት ያድን ይሆናል፤ ጊባን ግን ጊባ ከመሆን አያወጣውም።

ሚስጦሕን አልጨረስነውም። ድሃ ዘመዳቸው ነበርና ቀለቡን የሚሰጡት የእናታችን አባት ሰይዲና አቡ በክር (ረ.ዐ) ነበሩ። ልጃቸውን ሲያማ እንደነበር ሲታወቅ ከእንግዲህ ምንም አልሰጠውም ብለው ማሉ። በዚያው ሱራ አንቀጽ 22 ላይ ባለጸጎች ለዘመድና ለድሃ ከመስጠት እንዳይምሉ፣ ይቅር እንዲሉ ወረደ። አቡ በክር ቀለቡን መለሱለት፤ ዳግመኛም እንደማያቋርጡበት ማሉ።

ባል ሚስቱን የከሰሰ እንደሆነ አራት ምስክር ከየት ያመጣል የሚለውን የሊዓንን ጉዳይ፣ አሏህ ካለ፣ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናቀርባለን።