አቶ ገዱና ሁለቱ አዋጆች

ባሕር ዳር ውስጥ የአቶ ገዱ አንዳርጋቸው ስም ሲነሳ ጨዋታው ለሁለት ይከፈላል፡፡ አንዱ «ለለውጡ በር የከፈቱ ሰው ናቸው» ይላል፡፡ ሌላው ደግሞ «ልጆቻችን ሲገደሉ ወንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ?» ይላል፡፡ እኛ ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል ባዮች ነን፡፡ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው፡፡

አቶ ገዱ በብአዴን ውስጥ ያደጉ ፖለቲከኛ ናቸው፡፡ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከአቶ አያሌው ጎበዜ ተረክበው የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ፡፡ ይህ ወንበር በወረቀት ሲታይ ክልሉ ውስጥ ከሱ በላይ ወንበር የለም፡፡ በተግባር ግን ሁለት ጌታ ያለው ሎሌ ነበር፤ ከላይ ኢሕአዴግ፣ ከታች ሕዝቡ፡፡ ሁለቱ እስካልተጣሉ ድረስ ችግር የለም፡፡

ተጣሉ፡፡ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ጎንደር አደባባይ ወጣ፤ በሳምንቱ፣ ነሐሴ 1፣ ባሕር ዳር ተከተለ፡፡ በዚያ ቀን ባሕር ዳር ላይ ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘገበ፡፡ መስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አገሩ ሁሉ ለአሥር ወር በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ፡፡ አቶ ገዱ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፡፡

ቀጥሎ ጣና መጣ፡፡ በጥቅምት 2010 ከኦሮሚያ የተነሱ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ) እያሉ እምቦጭ ሊነቅሉ ሐይቁ ዳር ደረሱ፡፡ በዚያው ወር አቶ ለማ መገርሳ ልዑካን አስከትለው ባሕር ዳር ገቡ፤ አቶ ገዱም ተቀበሏቸው፡፡ «ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው» የተባለው ያኔ ነው፡፡ ነገሩ የአረምና የእንግዳ አቀባበል ጉዳይ ብቻ አልነበረም፡፡ ብአዴንና ኦሕዴድ መቀራረባቸው የኢሕአዴግን የውስጥ ሚዛን ቀየረው፤ በመጋቢት 2010 ዶ/ር ዐቢይ አህመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፡፡

አቶ ገዱ የካቲት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ወንበሩን ለዶ/ር አምባቸው መኮንን አስረክበው ብዙም ሳይቆዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፡፡ አራት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 15፣ ዶ/ር አምባቸው ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እዚሁ ባሕር ዳር ተገደሉ፡፡ ከአቶ ገዱ በኋላ እስከ ነሐሴ 2015 ድረስ የክልሉ ምክር ቤት አምስት ርዕሰ መስተዳድሮችን መርጧል፡፡ ወንበሩ ምን ያህል እንደሚፋጅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም፡፡

አቶ ገዱም በጥቅምት 2013 ከውጭ ጉዳይ ተነስተው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የደኅንነት አማካሪ ሆኑ፤ በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ገቡ፡፡ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፡፡ በጥር 2016 ይራዘም ተብሎ ምክር ቤቱ ፊት ሲቀርብ አቶ ገዱ ተነስተው ተቃወሙ፡፡ አዋጁ በአብላጫ ድምፅ ተራዘመ፡፡

እንግዲህ ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አስቀምጡ፡፡ በመጀመሪያው ጊዜ ቢሮ፣ በጀትና ፖሊስ ነበራቸው፡፡ በሁለተኛው ጊዜ የነበራቸው አንድ ማይክራፎንና አንድ ድምፅ ነው፡፡ ጮክ ብለው የተናገሩት በሁለተኛው ነው፡፡

«ያኔማ ምን አቅም ነበራቸው? ትእዛዝ ከላይ ነው» የሚል ይኖራል፡፡ የጣናው ጥቅምት ግን ይህን መከራከሪያ ያፈርሰዋል፡፡ ወንበሩ አቅም እንዳለው ያሳዩን ራሳቸው አቶ ገዱ ናቸው፡፡ የላይኛውን ጌታ እስከ መለወጥ የደረሰ ወንበር፣ ከዓመት በፊት ለወደቁት ልጆች አንድ ቃል ይከብደው ነበር?

ሰውዬውን ለመስቀልም ለማንገሥም አይደለም ይህን መጻፋችን፡፡ የምክር ቤቱ ንግግር ድፍረት ነው፤ አንነፍጋቸውም፡፡ ነገር ግን ዛሬም ወንበር ላይ ሆነው «ከላይ ነው» የሚሉ ባለሥልጣናት አሉ፡፡ ነገ ከወረዱ በኋላ በሚናገሩት ሳይሆን ዛሬ በሚፈርሙት እንመዝናቸው፡፡

ቸር ያሰንብተን፡፡