የዐድዋ ዘመቻ ስንቅ



የዐድዋ ድል በተነሣ ቊጥር በአሳባችን ፊት ቀድሞ የሚቀርበው የጐራዴው ብልጭታ፥ የመድፉ ነጐድጓድና የፈረሰኛው ግልቢያ ነው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ሠራዊት ከዐድዋ ተራሮች ሥር እስኪደርስና ጦርነቱ እስኪገጠም ድረስ አምስት ወር ለሚያህል ጊዜ ምን እየበላ ሰነበተ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። መዝገብ መያዝና ወጪን ከገቢ ጋር ማመዛዘን የዕለት ሥራችሁ የሆነ እናንተ ግን ይህን ጥያቄ እንደ ትንሽ ነገር እንደማትመለከቱት አምናለሁ። ስለዚህ ዛሬ የዐድዋን ዘመቻ ከጎተራውና ከአጋሰሱ በኩል እንመልከተው።

በመጀመሪያ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዐዋጅ የዘመተው ሠራዊት 100,000 ያህል እንደ ነበረ ይገመታል። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል ብንመድብ፥ ለአንድ ቀን ብቻ 1,000 ኩንታል ያስፈልጋል። አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ትሸከማለች ብንል፥ ለአንድ ቀን ቀለብ 1,000 በቅሎ መጫን ሊኖርብን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዐድዋ ያለው መንገድ ደግሞ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቅሎዋም በበኩሏ መብላት አለባት። በዚህ ላይ ስንቅ የሚያሰናዳው፥ ጓዝ የሚጠብቀውና ድንኳን የሚተክለው ሁሉ ሲጨመር ቊጥሩ እጅግ ከፍ ይላል።

ከዚህም የሚከብደው፥ ሒሳቡን አስቀድሞ ለመሥራት የማይቻል መሆኑ ነበር። ዐዋጁን ሰምቶ ስንት ሰው እንደሚመጣ፥ ጦርነቱ በስንት ወር እንደሚያልቅ፥ በመንገድ ላይ ያለው አገር እህል ይኑረው አይኑረው በርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። የሚፈለገው ያልታወቀ፥ ያለው ደግሞ ጥቂት ነበር።

ጥቂት የሆነበትም ምክንያት የታወቀ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውንና ላሙን ፈጅቶት ነበር። ከከብቱ ከዐሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው የረኃብ ዘመን መጣ። በዚያ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ፥ ሰው ሁሉ ያለ በሬም ቢሆን እንዲያርስ አርአያ መሆናቸው ተጽፏል። እንግዲህ በ1888 ዓ.ም. የተዘመተው ከዚህ ሁሉ መከራ ገና ባላገገመች አገር ነው።

ሆኖም ከመከራው አንድ ትምህርት ተገኝቶ ነበር። ቀድሞ ወታደሩ ተሠሪ እየተባለ በገበሬው ቤት ተመርቶ ይቀለብ ነበር። ገበሬው ስንት አፍ እንደሚመጣበት ስለማያውቅ ሁልጊዜ በሥጋት ይኖራል፤ መንግሥቱም ገበሬው ምን ያህል እንደ ተረፈው ሊያውቅ አይችልም። በ1885 ዓ.ም. ገደማ ግን ገበሬው ከምርቱ ዐሥራት እንዲያገባና ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ ተደነገገ። ደንቡ በየስፍራው እኩል ተፈጽሟል ማለት አይደለም። ነገር ግን በጎተራ የገባ እህል ይሰፈራል፤ የተሰፈረም እህል ይታወቃል። ከዘመቻው በፊት የተደረገው ትልቁ የስንቅ ዝግጅት፥ በእኔ አስተያየት፥ ይህ ነበር።

የክተት ዐዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የተነሡት በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ክረምቱ አብቅቶ ወንዙ የሚጐድልበት፥ ሠራዊቱም ወደ ሰሜን ሲገፋ መኸሩ የሚደርስበት ወራት ነበር። መገናኛውም ወረኢሉ እንዲሆን ታዘዘ። እያንዳንዱ ዘማች በሶውን፥ ቆሎውን፥ ጭኮውን፥ ድርቆሹንና ቋንጣውን ይዞ ወጣ። ያለው በአህያና በበቅሎ ጫነ፤ የሌለው በጀርባው ተሸከመ። ስማቸው በመዝገብ ያልሰፈረ ብዙ ሴቶችም እህል እየፈጩና እየጋገሩ፥ እንስራ አዝለው አብረው ዘመቱ።

ሸክሙ እንዲህ በመከፋፈሉ፥ አንዱ ጓዝ በገደል ቢወድቅ ወይም ቢዘረፍ ሠራዊቱ በሙሉ አይራብም ነበር። ጉድለትም ነበረው። የጠቅላላውን ስንቅ ልክ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ የባለጸጋው ድንኳን ገና ሙሉ ሳለ የድኻው አቁማዳ አስቀድሞ ይራገፋል።

ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ ድል ከተገኘ በኋላ ሠራዊቱ የመቀሌን ምሽግ ከበበ። በዚያም እቴጌ ጣይቱ ጠላት የሚጠጣው ውሃ እንዲያዝ ያቀረቡት ምክር ዝነኛ ነው። ምሽጉን በነፍስ ከመግዛት ይልቅ ምንጩን መያዝ ረከሰ። በጥር ወር ውሃ ያጣው የጠላት ጦር ምሽጉን ለቆ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ግን ፈተናው በሁለቱም ወገን ላይ ሆነ። ሠራዊታችን በዐድዋ ሰፍሮ ጠላት ከምሽጉ እንዲወጣ ይጠብቅ ነበር። ትግራይ ከክፉ ቀን የተረፈች አገር እንደ መሆኗ ያን ሁሉ ሰው ለብዙ ቀን ልትመግብ አትችልም። ቀለብ ፍለጋ የሚሄደው ወታደር በየቀኑ እየራቀ ሄደ። የካቲት 24 ቀን ሠፈሩ እንዲነሣ ተቈርጦ እንደ ነበረ ተጽፏል።

በኢጣልያኖቹስ በኩል? ጄኔራል ባራቲየሪ 17,000 ያህል ጦርና 56 መድፍ ይዞ በሳውርያ መሽጎ ነበር። ስንቁ የሚመጣው ከምጽዋ ወደብ ነው። የባቡር ሐዲዱ ከምጽዋ እስከ ሰዓጢ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ሁሉ በግመልና በበቅሎ የሚወጣ ነው። ባለ አንድ ክር ገመድ ማለት ይህ ነው። በየካቲት ወር የአጋሜዎቹ ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ኢጣልያኖችን ከድተው ወደ ወገናቸው ተመልሰው ይህን መንገድ መምታት ሲጀምሩ፥ ባራቲየሪ ከተዋጊው ጦር እየቀነሰ መንገድ ጠባቂ ለማድረግ ተገደደ።

በዚህ መካከል ከሮማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ፥ ጦርነቱን ሰውነትን ከሚያመነምን በሽታ ጋር አመሳስሎ የሚወቅስ ቴሌግራም ላከበት። የካቲት 21 ቀን ባራቲየሪ አራቱን ጄኔራሎቹን ሰበሰበ። የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀን ብቻ መሆኑን ገልጾ፥ እናፈግፍግ ወይስ እንግጠም ብሎ ጠየቀ። ጄኔራሎቹ መግጠምን መረጡ። ከሠራዊታችን ብዙው ቀለብ ፍለጋ ወጥቷል የሚል ወሬም ደርሶት ነበር። የካቲት 22 ማታ ተነሣ፤ በማግሥቱ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ! የካቲት 24 ሊነሣ የተሰናዳውን ሠራዊት ጠላት የካቲት 23 መጥቶ ገጠመው። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ድሉን ያገኘው የጀግኖቻችን ደም መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጀግናው በመረጠው ስፍራ እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲቆይ ያስቻለው በየአቁማዳው የቀረው እፍኝ እህል ነው።

የድሉም ወሰን እዚያው ላይ ታየ። ዐፄ ምኒልክ ጠላትን ተከትለው መረብን ያልተሻገሩበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ግን የስንቁ ማለቅና የሠራዊቱ መድከም ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የኢትዮጵያን ነጻነት አረጋገጠ፤ ኤርትራ ግን በኢጣልያ እጅ ቀረች። አንድ የጎተራ ሒሳብ የብዙ ሰዎችን ዕድል ሊወስን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንተ የምትጠብቀው መጋዘን የመድኃኒት፥ የመጽሐፍ ወይም የዘር እህል ይሆናል። ነገ ስንት ሰው እንደሚፈልገው አታውቅም፤ የተመደበልህም ገንዘብ አይበቃም። ያልታወቀውን እንድታውቅ ማንም አያስገድድህም። በእጅህ ያለውን ግን በትክክል ማወቅ፥ ሸክሙን በአንድ መንገድ ላይ ብቻ አለመጣልና መኸሩ ሳያልፍ መሰናዳት ይቻልሃል። ድስት ጥዶ ከማልቀስ በፊት መጥኖ መደቆስ እንደሚገባ ከእናቶቻችን ጓዳ የተማርነው ነው። በዐድዋ ዘመቻም የታየው ይኸው ነው።