አስማሚ ንብርብር፦ የዊንዶውስ ፕሮግራም ከዊንዶውስ ውጭ እንዴት ይሠራል?

አስማሚ ንብርብር ለአንድ ስርዓተ ክወና የተሠራ ፕሮግራም ኮዱ ሳይነካ በሌላ ስርዓተ ክወና ላይ እንዲሠራ በመካከል የሚገባ ሶፍትዌር ነው። ባለሙያዎች «ኮምፓቲቢሊቲ ሌየር» ይሉታል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሒሳብ ክፍል የተለመደው የሒሳብ ፕሮግራም ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሊኑክስ ልሂድ ካለ «ፒችትሪስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ነው የዚህ ሶፍትዌር ነገር የሚታሰበው።

ዋነኛው ምሳሌ ዋይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ ለማስኬድ ተጀመረ። ከ1994 ጀምሮ የሚመራው አሌክሳንደር ጁሊያርድ ሲሆን ስሪት 1.0 የወጣው በ2008 ነው። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በ2018 ያወጣው ፕሮቶንም የቆመው በዋይን ላይ ነው፤ የዊንዶውስ ጌሞች ሊኑክስን በሚጠቀመው የጌም መጫወቻ በስቲም ዴክ ላይ የሚሠሩት በእርሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል መክፈት ሲፈልግ ራሱ ዲስኩን አይነካም፤ «ከርነል32» የተባለውን የዊንዶውስ ላይብረሪ ይጠይቃል። ዋይን በዚያው ስም የራሱን ላይብረሪ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጥያቄውን ተቀብሎ ለሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያቀርባል፤ መልሱን ደግሞ ዊንዶውስ በሚመልስበት መልክ ያስረክባል። ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፣ ሊኑክስ ግን ይለያል። ስለዚህ ዋይን የተጠራውን ፋይል ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ በፎልደሩ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

«አስማሚ» ያልነው ሥራው እንደ ሽማግሌ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱን ወገን ያግባባል እንጂ አንዱንም አይለውጥም። «ተኳኋኝ» የሚለው ቃል ውጤቱን ይገልጻል፣ የሚያስማማውን ክፍል ግን አይጠራልንም። «አስመሳይ» ደግሞ ለኢሙሌተር ይቆይ። ኢሙሌተር ሌላ ማሽንን በሶፍትዌር ያስመስላል፤ በዋይን ውስጥ ግን የፕሮግራሙን ትእዛዝ የሚፈጽመው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። የዋይን ስምም ሲተነተን «ዋይን ኢሙሌተር አይደለም» ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ላይብረሪ ከአንዱ ስርዓተ ክወና ወደ ሌላው ማዛወር ሲጀመር የሚያስቸግረው ከትልልቁ ተግባር ይልቅ ማንም ልብ የማይለው ልማድ ነው። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በሲ ቋንቋ «ሎንግ» የተባለ ቁጥር 4 ባይት ይይዛል፤ በሊኑክስና በማክ 8። ሰፊው የፊደል ዓይነት በዊንዶውስ 2 ባይት ነው፣ በሊኑክስ 4። በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ አንድ ፈንክሽን ሲጠራ ዊንዶውስ የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች በአራት ሬጅስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ ጊዜያዊ መያዣዎች) ያቀብላል፤ ሊኑክስና ማክ በስድስት፣ ያውም በሌላ ቅደም ተከተል። ከእነዚህ አንዱ ከተዘነጋ ኮዱ ያለ ቅሬታ ኮምፓይል ይሆናል፣ ሲሠራ ግን ይወድቃል።

በሊኑክስ የተፈታው ችግር ማክ ላይ እንደገና ሊነሣ ይችላል። 64 ቢት የዊንዶውስ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) መረጃ የሚያገኘው «ጂኤስ» በተባለ ሬጅስተር በኩል ነው። ሊኑክስ ለራሱ «ኤፍኤስ»ን ስለሚጠቀም «ጂኤስ» ነፃ ነው። ማክ ግን «ጂኤስ»ን ራሱ ይፈልገዋል፤ ሁለት ባለቤት በአንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው። በ2019 ደግሞ ማክኦኤስ ካታሊና 32 ቢት ፕሮግራሞችን ማስኬድ አቆመ። ክሮስኦቨር የተባለውን በዋይን ላይ የተመሠረተ ምርት የሚሸጠው ኮድዊቨርስ የድሮዎቹን ፕሮግራሞች ለማቆየት ኮምፓይለሩን ራሱን እስከ ማሻሻል ደርሷል።

ስህተት ፍለጋውም የራሱ መልክ አለው። የወደቀው ፕሮግራም ኮድ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የለም። ስለዚህ ዋይን «ሪሌይ» በተባለው መከታተያው ፕሮግራሙ የጠራውን እያንዳንዱን ፈንክሽን፣ የሰጠውን ግብዓትና ያገኘውን መልስ እንዲመዘግብ ይደረጋል። አጠራጣሪ መልስ ሲገኝ ትንሽ መፈተኛ ይጻፍና በእውነተኛው ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ዊንዶውስ የመለሰው ነው ትክክሉ፤ የማይክሮሶፍት ሰነድ ሌላ ቢልም እንኳ። ዊንዶውስ ስህተት ካለበትና ፕሮግራሞች ያንን ስህተት ተማምነው ከተጻፉ፣ ዋይንም ያንኑ ስህተት መሥራት አለበት። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ከተበላሸ ደግሞ በመካከል የገቡት ለውጦች እየተከፈሉ ይፈተሻሉ፤ ግማሹ በተጣለ ቁጥር ከ1,000 ለውጦች ጥፋተኛው በ10 ሙከራ ገደማ ይለያል።

ቃሉ ወሰን አለው። ዋይን የፕሮሰሰር ቋንቋ አይተረጉምም፤ አፕል ራሱ በሚነድፋቸው ቺፖች ላይ ያንን ሥራ የሚሠራው ሮዜታ 2 ነው። በዊንዶውስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ካልገባሁ የሚል ሶፍትዌርም፣ ለምሳሌ አንዳንድ የጌም ማጭበርበር መከላከያ፣ በዚህ መንገድ አይሠራም፤ ከሥር ያለው ከርነል የሌላ ስርዓተ ክወና ነውና።

በአረፍተ ነገር ሲገባ፦ «ፕሮግራሙ የሊኑክስ ስሪት የለውም፤ በአስማሚ ንብርብር ግን ይከፈታል። ሪፖርት ሲያትም የሚዘጋው ችግሩ ከንብርብሩ ይሆናል፤ መጀመሪያ እዚያ ይታይ።»