የወንዶች ደረት ቅነሳ ቀዶ ሕክምና እና የማገገሚያው ሳምንታት

በወንዶች ላይ የሚታይ የጡት ዕጢ ማደግ በሕክምና ቋንቋ ጋይኒኮማስቲያ፣ በዐረብኛ ደግሞ «አት-ተሰዲ» ይባላል። በጉርምስና ዕድሜ የሚከሠተው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ የቀረው ወይም በጎልማሳነት የመጣው ግን መንሥኤው ከተመረመረ በኋላ በቀዶ ሕክምና ሊቀነስ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል፤ ማገገሙ ግን ሳምንታትን ይጠይቃል። በጉልበቱ ለሚያድር ሠራተኛ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው እነዚህን ሳምንታት እንዴት እንደሚያሳልፍ ነው።

ሕክምናው ጥንታዊ መሠረት አለው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኤጂናው ጳውሎስ የተባለ ግሪካዊ ሐኪም ጽፎበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1000 ዓመት ገደማ ደግሞ የአንዳሉሱ ሐኪም አቡ አል-ቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ቆዳውን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ሰንጥቆ ስቡን ማውጣትና መልሶ መስፋት እንደሚቻል አስተምሯል። ዛሬም ዕጢው የሚወጣው በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ የታችኛው ጠርዝ ላይ በሚደረግ ትንሽ የግማሽ ጨረቃ ስንጥቅ ሲሆን፣ ስቡ በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው መኪና መንዳት አይችልም፤ በመጀመሪያው ሌሊትም ብቻውን ማደር የለበትም። በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ከቆዳ ሥር ደም መጠራቀም ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ይታያል። በመሆኑም በባጥሃም ሆነ በመንፉሃ ከወገኖቹ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ታካሚ ቢያንስ ለአንድ የሚያምነው ሰው ጉዳዩን ሊነግር ይገባል። ሕመሙን በሐፍረት መሸሸግ በዚያች ሌሊት አደጋ ያስከትላል።

ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ደረቱን በትራስ ከፍ ያደርጋል፤ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶም በቤት ውስጥ ቀስ እያለ ይራመዳል። ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ከተተከለለት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣለታል። ገላ መታጠብ የሚቻለው ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። አስፕሪንና መሰል መድኃኒቶች ደም ሊያፈሱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰዱም። ሲጋራና ሺሻ የደም ሥሮችን አጥብበው የቁስሉን መዳን ያዘገያሉ።

ከአንድ ሳምንት እስከ ስድስት ሳምንት

ደረትን አጥብቆ የሚይዘው ሰደርያ፣ በዐረብኛ «ሚሸድ»፣ እብጠትን ይቀንሳል፤ ቆዳው ከሥሩ ካለው አካል ጋር እንዲጣበቅም ይረዳል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ይለበሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊትም አይወልቅም። በሪያድ ሙቀት ላብ ቆዳን ስለሚያቆስል ሁለት ሰደርያ ይዞ እያጠቡ መቀያየር ይጠቅማል።

ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በአንድ ሳምንት ገደማ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መግፋትና ክንድን ከትከሻ በላይ አውጥቶ መሥራት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ሊቆይ ይገባል። በስግደት ጊዜም ክብደቱን በክንዶቹ ላይ እንዳያሳርፍ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ተቀምጦ ይጸልያል። ማበጥ፣ መበለዝና የጡት ጫፍ መደንዘዝ የተለመዱ ናቸው፤ የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወራት በኋላ ነው። ጠባሳው እስኪደበዝዝ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ፈጥኖ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

አንዱ ደረት ከሌላው ተለይቶ በድንገት ቢያብጥና ቢወጠር፣ ሕመሙ በማስታገሻ ባይበርድ፣ ፋሻው በደም ቢርስ፣ ትኩሳት ወይም መግል ቢታይ፣ የእግር ባት ቢያብጥና ቢያም፣ ትንፋሽ ቢያጥር ነገ ይሻለኛል ብሎ ማደር አይገባም። በሪያድ የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥሩ 911፣ የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው፤ የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር ደግሞ 937 ነው። በጥሪው ጊዜ «ዐመሊያ» (ቀዶ ሕክምና)፣ «ነዚፍ» (የደም መፍሰስ)፣ «ተወሩም» (እብጠት)፣ «ሐራራ» (ትኩሳት) እና «ዲቅ ተነፉስ» (የትንፋሽ ማጠር) የሚሉትን ቃላት ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል።

ሥራና የሕመም ፈቃድ

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 117፣ ሕመሙ በሕክምና ማስረጃ ለተረጋገጠ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 60 ቀናት በሦስት አራተኛ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 30 ቀናት ያለ ደመወዝ ይፈቅዳል። የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ደንብ ስለሆነ መብታቸውን ለይተው መጠየቅ አለባቸው። ሐኪሙ በማስረጃው ላይ የዕረፍት ቀናቱን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ዕቃ ማንሳት የማይችልበትን ጊዜም እንዲጽፍለት መጠየቅ ተገቢ ነው። ለውበት ብቻ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በአሠሪው በኩል በሚገባ የጤና መድን በአጠቃላይ ስለማይሸፈን፣ ወጪውን ቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከእኩለ ቀን ጀምሮ ለ3 ሰዓታት በፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው፤ ይህ ክልከላ ግን ለቁስለኛ በቂ ዕረፍት አይሆንም። መምረጥ የሚችል ሰው ቀዶ ሕክምናውን ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ቀዝቀዝ ያሉ ወራት ቢያደርግ ሰደርያውን መልበስ ይቀልለዋል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

የደረት ማበጥ ስፒሮኖላክቶንንና ሲሜቲዲንን ከመሰሉ መድኃኒቶች፣ ለጡንቻ ማሳበጫ ከሚወሰዱ ሆርሞኖች፣ ከጉበት፣ ከታይሮይድ ወይም ከዘር ፍሬ ሕመም ሊመጣ ይችላል። መንሥኤው ሳይታከም ዕጢው ቢወጣ ችግሩ ሊመለስ ይችላል። በአንድ ወገን ብቻ የሚገኝ ጠንካራ እባጭ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካለ ደግሞ፣ በወንዶችም ላይ አልፎ አልፎ የሚከሠት የጡት ካንሰር አለመሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ታካሚው የሚወስደውን መድኃኒትና የባህል መድኃኒት ሁሉ ሳይሸሽግ ለሐኪሙ ይናገራል። የቀዶ ሕክምናውን ቀን ከመቁረጡ በፊትም የሚያስታምመውን ሰው፣ የሚያርፍበትን ቦታና ከባድ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ይወስናል።